ማይክ ለተሸናፊ የሚሰጥ ማካካሻ አይደለም

በርሚንግሃም የምትኖረው ወንድሜ፣ የቧንቧ ሥራ ሥልጠናህን አቋርጠህ ዳርት (ፍላጻ ወደ ክብ ሰሌዳ የሚወረወርበት ጨዋታ) ላይ ብቻ ልትሰማራ አስበሃል። «ዋንጫ ባይሳካልኝ እንኳ እንደ ዌይን ማርድል ኮሜንታተር እሆናለሁ» ያልከው ግን አስቆጥቶኛል፤ ከሁሉ በፊት እሱን ልመልስ።

ማርድል ከተጫዋችነት ወደ ጨዋታ አስተላላፊነት የተሻገረ ነው፤ መውደድህ አይገርመኝም። በሃዋይ ሸሚዙ አዳራሹን ሲያስጨፍር የኖረ ሰው ነው። በ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የፒዲሲ (የፕሮፌሽናል ዳርት ማኅበር) የዓለም ሻምፒዮና የዳርቱን ኃያል ፊል ቴይለርን ሩብ ፍጻሜ ላይ 5 ለ 4 አሰናብቶ፣ ቀጥሎ ከማጣሪያ በመጣው ኪርክ ሼፐርድ ተሸነፈ። የዓለም ዋንጫውንም ሳያነሳ ቀረ። ግን ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው ማይክ ያልጨበጡ ስንትና ስንት ናቸው!

የ2023ቱን የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ መልሰህ እየው። ከ501 ተነስቶ በትክክል ዜሮ ላይ በደብል (ነጥቡን እጥፍ በሚያደርገው ቀለበት) መዝጋት ነው ጨዋታው፤ ከዘጠኝ ፍላጻ ባነሰ አይቻልም። ቫን ገርወን ዘጠነኛዋን ፍላጻ ደብል 12 ላይ ሳታት። ወዲያው ማይክል ስሚዝ 141 ቀርቶት ትሪፕል 20፣ ትሪፕል 19፣ ደብል 12 መትቶ በዘጠኝ ፍላጻ ዘጋ። ማርድል መናገር አቃተኝ እያለ ሲጮህ ሰው ሁሉ አብሮት የጮኸው፣ ፍላጻዋ ከእጅ ሳትወጣ ምን እንደሚቀር የሚያሰላ ሰው ስለሆነ ነው። የ1983ቱ ሻምፒዮን ኪት ዴለርም ቀጣዩ ውርወራ የት እንደሚያርፍ ለካሜራ ክፍሉ ቀድሞ በመጠቆም ሠርቷል። ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሲድ ዋደል ደግሞ የማዕድን ቆፋሪ ልጅ፣ ካምብሪጅ ታሪክ የተማረ ሰው እንጂ ፕሮፌሽናል ተጫዋች አልነበረም፤ ግን የዳርት ድምፅ ሆኖ ኖረ።

ስለዚህ መሸነፍህን አትጠብቅ። ከ170 ጀምሮ ወደ ታች ያሉትን መዝጊያዎች (የቀረውን ነጥብ በሦስት ፍላጻ ወይም ባነሰ የሚጨርሱ ውርወራዎችን) በቃልህ ያዝ። የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍተህ ጨዋታውን በራስህ አንደበት አስተላልፍ፣ ቅዳና አዳምጥ። የሰፈርህ ሊግ ውድድሩን በኢንተርኔት የሚያስተላልፍ ከሆነ በነጻ ላገልግል በል። እኔም ሬዲዮ የገባሁት የቀን ሥራዬን ሳልለቅ፣ ማታ ማታ የስፖርት ዜና እያነበብኩ ነው።

ሥልጠናህን አታቋርጥ። ቱር ካርድ (በፒዲሲ የፕሮፌሽናል ውድድሮች ለመጫወት የሚያበቃ ፈቃድ) ያላቸው 128 ተጫዋቾች ብቻ ናቸው፤ ካርዱም የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው። ደመወዝ የለውም፤ ካልረታህ የባቡርና የሆቴሉ ወጪ ከኪስህ ነው። የ2008ቱ የቢዲኦ (የብሪታንያ ዳርት ድርጅት) የዓለም ሻምፒዮን፣ ዛሬ በቴሌቪዥን የምታየው ማርክ ዌብስተር የቧንቧ ሠራተኛ ነበር።

ጎንደር ስለምትልከው ገንዘብ ሳልሸፋፍን ልንገርህ፦ የእናትህ መድኃኒት ግዴታህ ነው፣ የወንድምህ አዲስ ስልክ ግን አይደለም። ከሠልጣኝ ደመወዝ ላይ ይህን መጠየቁ ልክ አይደለም፤ አንተው ደውለህ ንገረው።

አባትህ «የሰካራም ጨዋታ» ማለታቸውን ለመከራከር አትድከም፤ አንድ ምሽት ይዘሃቸው ሂድና ሲደመርና ሲቀነስ ይዩ።

የቀዳኸውን የመጀመሪያ ግጥሚያ ላክልኝ፤ የት ላይ እንደቸኮልክ፣ የት ላይ ዝም ማለት እንደነበረብህ ጽፌ እመልስልሃለሁ።