መኪና ተገልብጦ ለተጎዳ ሰው ካሳ የሚከፍለው ማነው?

የዚህ ወር ጥያቄዎቻችን ሁሉም ከመኪና መገልበጥ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሆን ብለን አልመረጥናቸውም፤ ተከታትለው መጡ።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፒያሳ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከደጀን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የተሳፈረበት ሃይሩፍ ዓባይ በረሃ ላይ ተገለበጠ። ጎማ ፈንድቶ ነው ይላሉ። ወንድሜ አከርካሪው ተጎድቶ እስካሁን አልጋ ላይ ነው። አሁን የሹፌሩ ቤተሰቦች ሽማግሌ ልከው «60 ሺህ ብር እንስጣችሁና ከእንግዲህ ምንም አንጠይቅም ብላችሁ ፈርሙ» ይሉናል። ሹፌሩ የልጆች አባት ነው፣ ምንም የለውም። እናቴ «ፈርሙና ይብቃ፣ እግዜር ያያል» ትላለች። ብንከስስ ከእሱ ምን እናገኛለን?

መልስ

እህቴ፣ እግዜር ይማርላችሁ። መጀመሪያ ነገር፣ አትፈርሙ። ቢያንስ ሐኪሙ ወንድምሽ ተነስቶ ይሄዳል ወይም አይሄድም ብሎ ቁርጡን እስኪናገር ድረስ እንዳትፈርሙ። እርቅ ጥሩ ነው፣ ሽማግሌም ይከበራል፤ ግን በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጽሑፍ የተፈረመ እርቅ በተስማሚዎቹ መካከል ይግባኝ የሌለው የመጨረሻ ፍርድ ያህል ነው። ዛሬ 60 ሺህ ተቀብላችሁ ነገ ሌላ ኦፕሬሽን ቢታዘዝስ? ሽማግሌዎቹን አታስቀይሟቸው። «ለሕክምና የምትረዱንን እንቀበላለን፣ ደረሰኝም እንሰጣለን፣ የካሳው ነገር ግን ይቆየን» በሏቸው። ደረሰኙ ላይ «ለሕክምና እርዳታ» የሚለው ቃል ይጻፍ። «አንጠይቅም» የምትለዋ ቃል ደግሞ የትም እንዳትገባ።

ሁለተኛው ነገር፣ ሰው ሁሉ የሹፌሩን ኪስ ያያል። ሕጉ የሚያየው ግን ባለመኪናውን ነው። ሹፌሩ ተቀጣሪ ከሆነ ዋናው ተጠያቂ ሊብሬው ላይ ስሙ ያለው ሰው ወይም ትራንስፖርቱን የሚሠራው ድርጅት ነው። ስለዚህ «ሹፌሩ ደሃ ነው» የሚለው ነገር ከካሳው ጉዳይ ጋር ብዙም አይገናኝም። ታርጋውን ያዢ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ የየትኛው መድን ድርጅት እንደሆነም የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱ ላይ ስላለ ኮፒ ጠይቂ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ወንድምሽ ሒሳብ ከፍሎ ስለተሳፈረ የማጓጓዝ ውል አለው፤ የሚታየውም በንግድ ሕጉ ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የትራንስፖርት ክፍል በ2013ቱ አዲስ የንግድ ሕግ አልተሻረም። እሱ ደግሞ ለአንድ ተሳፋሪ የአጓጓዡን ኃላፊነት በ40,000 ብር ይገድባል። አዎ፣ አርባ ሺህ። በ1952 ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ሳምንት የአልጋ ሒሳብ ላይሆን ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ተስፋ ቆርጦ ይመለሳል። ግን ገደቡ መውጫ ቀዳዳ አለው፤ አጓጓዡ ወይም ሠራተኛው ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ ያደረገው ነገር ከሆነ በ40,000 ብር መከለያ ሊደበቅ አይችልም።

ስለዚህ የእናንተ ክርክር የሚያርፈው «ጎማ ፈነዳ» የሚለው ላይ ነው። ጎማ ዝም ብሎ አይፈነዳም። ሊሾ ነበር ወይስ አዲስ? ፖርቶመጋላው ላይ ምን ያህል ጭነት ነበር? ሃይሩፍ እንደምታውቂው ቁመቱ ረዥም ነው፣ ላዩ ላይ ጆንያ ሲከመርበት ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ቁልቁለቱ ላይ ኩርባ ሲይዝ ለመተኛት የሚቀረው ትንሽ ነው። ትርፍ ሰው ጭኖ ነበር? በመጨረሻው ወንበርና በበሩ መካከል በርጩማ ተደርጎ ነበር? ይህን የሚናገሩት ከወንድምሽ ጋር የነበሩት ተሳፋሪዎች ናቸው። ዛሬውኑ ስልካቸውን ሰብስቢ፤ ስድስት ወር ሲያልፍ ግማሹ አይነሳም፣ ግማሹ ደግሞ «እኔ ተኝቼ ነበር» ይልሻል። መኪናው ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ቆሞ ከሆነ ሄዳችሁ ጎማውን በቅርብ ፎቶ አንሱት። ጥርሱ አልቆ ሽቦው የወጣ ጎማ ከአሥር ምስክር ይበልጣል። ከመኪናው መስታወት ላይ ቦሎውንም አንሱ፣ ዓመቱ እንዲታይ አድርጋችሁ። ፖሊስ ያነሳው ፕላንም አለ፤ የጎማ ፍሬን ምልክቱ የተለካው እሱ ላይ ነው።

የሕክምናውን ወረቀት ሁሉ ያዙ፣ የመድኃኒት ደረሰኝ ሳይቀር። ሕክምናው ሲያልቅ ደግሞ የአካል ጉዳቱ በመቶኛ ስንት እንደሆነ የሐኪሞች ቦርድ እንዲጽፍ ጠይቁ፤ ፍርድ ቤት ወደፊት የሚቀርበትን ገቢ የሚያሰላው በዚያ ነው። የሞራል ካሳ ብለሽ ብዙ አትጠብቂ። ሕጉ ከ1,000 ብር አያልፍም ይላል። አይቀየርም ወይ ብለሽ ብትጠይቂኝ፣ መቀየር ነበረበት።

ጊዜውን ልብ በሉ። ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት የሚቀርብ ክስ በሁለት ዓመት ይታገዳል፤ ድርጊቱ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ የወንጀሉ ጊዜ ይወሰዳል። እናንተ ግን ያንን ተማምናችሁ አትተኙ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ክሱን ክፈቱ። ለመክሰስ ደጀን ድረስ መመላለስ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ ባለመኪናው አዲስ አበባ የሚኖር ከሆነ እዚሁ መክሰስ ይቻላል። እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለውን ጉዳይ የሚያየው የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ ለእናንተ ልደታ ቅርብ ነው። የዳኝነት ክፍያው ከከበዳችሁ በደሃ ደንብ ለመክሰስ አመልክቱ። ጠበቃም ሳትከፍሉ ማግኘት ይቻላል፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ሹፌሩ በቸልተኝነት ተከስሶ ነፃ ቢወጣስ? የወንጀል ክሱ ነፃ ማለቱ የካሳውን ክስ አይዘጋውም። ይህን ሽማግሌዎቹም ላያውቁት ስለሚችሉ ንገሯቸው።

ጥያቄ

ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ፣ ጀበና ቡና እሸጣለሁ። አንድ አይሱዙ ፍሬን እምቢ ብሎት መጥቶ ቡናዬ አጠገብ ተገለበጠ፤ እግሬ ተሰበረ። ባለመኪናው «ፍሬን ነው፣ የእኔ ጥፋት አይደለም፤ ደግሞ መኪናውን በውክልና ሸጬዋለሁ» ይላል። የገዛው ሰውዬ ስልክ አያነሳም።

መልስ

እናቴ፣ እርስዎ ከተሳፋሪው ይሻላሉ። ከባለመኪናው ጋር ምንም ውል የለዎትም፤ ስለዚህ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 በቀጥታ ይሠራል። ባለመኪናው ጥፋት ኖረውም አልኖረውም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። «ፍሬን ነው» ማለት አያድነውም። የሚያድነው መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው፤ የእርስዎ ጥፋት ካለበት ደግሞ ካሳው በዚያው ልክ ሊቀንስ ወይም ሊቀር ይችላል። እርስዎ ደግሞ ከረከቦትዎ አልተነሱም።

የውክልናው ነገር የሚያሰለች ነው፣ በዚህ ከተማ ግማሹ መኪና በውክልና የሚዞር ይመስላል። አይምረጡ፤ ሊብሬው ላይ ስሙ ያለውንም፣ በውክልና የገዛውንም አንድ ላይ ይክሰሱ። ማን ለማን እንደሚመልስ እነሱ ይጣሉበት። መድን ድርጅቱንም አይርሱ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ አዋጁ ሲወጣ ለአካል ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፣ ለድንገተኛ ሕክምና ደግሞ 2,000 ብር። ዛሬ የሚሠራውን መጠን መድን ድርጅቱን ጠይቀው በጽሑፍ ይቀበሉ። መኪናው ኢንሹራንስ ጨርሶ ከሌለው ወይም ገጭቶ ቢያመልጥ የመድን ፈንድ የሚባል አለ፣ ወደ እሱ ይኬዳል። ከመድኑ የሚቀረውን ከባለመኪናው መጠየቅ ይችላሉ።

ጥያቄ

ረዳት ነኝ። ጭነት መኪናችን ተገልብጦ ትከሻዬ ወጣ። አሠሪዬ «አንተ ተሳፋሪ አይደለህም፣ ኢንሹራንሱ አይመለከትህም» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ

ወንድሜ፣ ግማሹ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን የነገረህ ለራሱ የሚመቸውን ግማሽ ነው። አንተ ሠራተኛ ነህ። ሥራ ላይ ስለተጎዳህ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪህ ሕክምናህን መሸፈን አለበት። ሥራ መሥራት ካልቻልክ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝህን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት 75 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ቢያንስ 50 በመቶ ይከፍልሃል። ውል አልተፈራረምንም ካለህ አትደንግጥ፣ የሥራ ውል በቃልም ይሆናል። ገንዘብ በቴሌብር ልኮልህ ከሆነ መልእክቱን አታጥፋ፤ ደመወዝህን የምታስረዳው በሱ ነው።