መልስ፦ የባሕር መብራት ማማዎችን ወጪ ማን ይሸፍን ነበር?

«መብራቱን አይቶ የሚያልፈውን መርከብ ማን ያስከፍለዋል?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔ በምኖርበት በቱሉ ዲምቱ የፈጣን መንገዱ መክፈያ በር መኪናውን አስቁሞ ያስከፍላል፤ በባሕር ላይ ግን እንዲህ ያለ በር ማቆም ስለማይቻል፣ በእንግሊዝ ክፍያው መርከቡ ወደብ ሲደርስ እንደ ቶን መጠኑ ታስቦ ይሰበሰብ ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ዓመት ገደማ የተጠናቀቀው የእስክንድርያው የመብራት ማማ ፋሮስ የነገሥታት ሥራ ሲሆን፣ ሮማዊው ፕሊኒ 800 መክሊት እንደፈጀ ጽፏል። በእንግሊዝ ግን፣ በ1514 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የንጉሥ የመቋቋሚያ ደብዳቤ የተሰጠው ትሪኒቲ ሃውስ የተባለ የመርከበኞች ማኅበር ቢኖርም፣ ብዙዎቹን ማማዎች ከዘውዱ ፈቃድ ያገኙ ባለሀብቶች ለትርፍ ሠርተዋቸዋል። ትርፉም ቢሆን አስተማማኝ አልነበረም፤ ሄንሪ ዊንስታንሊ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ባሕር ውስጥ በሚገኘው በኤዲስቶን ዐለት ላይ አቁሞ በ1698 ያበራውን ማማ የ1703ቱ ማዕበል ከነሠሪው ከዊንስታንሊ ጠርጎ ወስዶታል። መሐንዲሱ ጆን ስሚተን በ1759 በዚያው ዐለት ላይ ያጠናቀቀው ማማ ግን ማዕበልን እንዲቋቋም እርስ በርሳቸው በተቆላለፉ ድንጋዮች የተገነባ ነበር።

በ1836 በወጣ ሕግ ትሪኒቲ ሃውስ የግል ማማዎችን እንዲገዛ ሥልጣን ተሰጠው። የመጨረሻው፣ በዌልስ የሚገኘው ስኬሪስ፣ ከ440,000 ፓውንድ በላይ አስከፍሎታል።