ውሃ የከበበው ግንብ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩላችሁ

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር ቡና ይዘን ስለ ጥንት ግንቦች ወሬ ተነሳ። ዙሪያቸው በውሃ ስለታጠሩት ማለቴ ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ከተጀመረ አላቆምም። መሽቶብን ስንለያይ «የቀረ ጥያቄ ያለው በቴሌግራም ይላክልኝ» አልኩ። ጎረፈ። የቻልኩትን መልሻለሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ጋሼ፣ ውሃው ምን ይጠቅማል? ዋና የሚችል ሰው አይሻገርም እንዴ?» (ከታቦር)

ዋናተኛማ ይሻገራል። ከዚያስ? ልብሱ እንደረጠበ ግንብ ሥር ይቆማል፣ ከላይ ድንጋይ ይወርድበታል። ውሃው የተፈለገው ለሱ አይደለም። በግንቡ ዙሪያ ተቆፍሮ ውሃ የተሞላው ቦይ መሰላል አያስጠጋም፤ ወታደር ጭኖ ወደ ግንቡ የሚገፋውን ባለ ጎማ የእንጨት ማማም ወዲያ ማዶ ያስቀረዋል። ትልቁ ጥቅም ግን ከመሬት በታች ነው።

በ1215 የእንግሊዙ ንጉሥ ጆን የሮቸስተርን ግንብ ከበበ። ሰዎቹ ከአንዱ ማዕዘን ሥር ዋሻ ቆፈሩ። እንዳይናድባቸው በእንጨት ደገፉት። ከዚያ ንጉሡ 40 የሰቡ አሳማዎች አምጡልኝ አለ። ለግብር እንዳይመስላችሁ። ስባቸው ለማገዶ ነበር። እሳቱ ድጋፉን ሲበላው ማዕዘኑ ተደረመሰ። ኋላ ሲጠገን ክብ አድርገው ሠሩት። የሌሎቹ ማዕዘኖች ቅርጽ አራት ማዕዘን ስለሆነ ልዩነቱ ዛሬም ያስታውቃል። እዚያ ዙሪያውን ጥልቅ ውሃ ቢኖር ቆፋሪዎቹ ገና ሳይደርሱ ዋሻቸው በጎርፍ ይሞላ ነበር።

«እንዲህ ከሆነ ታዲያ በምን ተሸነፉ?»

በረሃብ። ኬኒልወርዝ የሚባለው የእንግሊዝ ግንብ ወንዝ ተገድቦለት ትልቅ ሐይቅ ነበረው። በ1266 ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ከበበው። ከቼስተር ድረስ ጀልባ አስመጥቶ በውሃው በኩል ሞከረ፤ አልሆነለትም። ስድስት ወር ገደማ ተፋጠጡ። ውስጥ ያሉት ምግብ አለቀባቸው፣ በሽታም ገባ። ከዚያ እጅ ሰጡ። ውሃው ሥራውን ሠርቷል፤ ጎተራው ነው የከዳቸው።

ሌላው መንገድ ብልጠት ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የጃፓኑ የኦሳካ ግንብ ነው። በ1614 መገባደጃ የአገሪቱ ኃያል የጦር መሪ ቶኩጋዋ ኢያሱ ከበበውና በጉልበት አቃተው። እርቅ ተባለ። ከእርቁ በኋላ የሱ ሰዎች አካፋ ይዘው መጡና ቦዩን መድፈን ጀመሩ፤ የውጪውን ብቻ ሳይሆን የውስጡንም። በ1615 ተመልሶ መጣ። ግንቡ በዚያው ወደቀ። አንድ ወንድም ይህን ሲሰማ «ሽማግሌ ሳይዙ ነዋ የታረቁት» አለኝ።

«ውሃው በረዶ ሲሆንስ? ፈረንጅ አገር ይቀዘቅዛል አይደል?»

ጎበዝ! ይህን የጠየቀችው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት። አዎ፣ ያኔ ውሃው አስፋልት ይሆናል። ለዚህ ነው በክረምት በረዶውን መስበር የጠባቂዎች ሥራ የነበረው። በ1672 ሆላንዶች የፈረንሳዩን ንጉሥ የሉዊ 14ኛን ጦር ለማቆም መሬታቸውን ራሳቸው በውሃ አጥለቀለቁት። ጉልበት ድረስ የሚሆን ውሃ ነው። ለጀልባ ያንሳል፣ ለእግረኛ ይበዛል፤ ከሥሩ ያለው ቦይ ደግሞ አይታይም። ታኅሣሥ ላይ ሲቀዘቅዝ ፈረንሳዮቹ በበረዶው ላይ ገሰገሱ። መሃል ላይ በረዶው መቅለጥ ጀመረና ለመመለስ ተገደዱ።

«ለጌጥ ነው የሚሉም አሉ።»

አንዳንዱ እውነትም ለጌጥ ነው። በ1385 የተጀመረው ቦዲያም በእንግሊዝ በጣም ከሚያምሩት አንዱ ነው፤ ውሃው መሃል ቁጭ ብሏል። ግን የቦዩን ግድብ ሰብሮ ውሃውን ማፍሰስ ከባድ አልነበረም የሚሉ አሉ። እኔ ሁለቱም ነው ባይ ነኝ። ባለቤቱ ጠላትም እንግዳም ግንቡን አይቶ አፉን እንዲከፍት ፈልጓል። ሳልነግራችሁ የማላልፈው፣ የግንቡ 28 ሽንት ቤቶች የሚወርዱት እዚያው ውብ ውሃ ውስጥ ነው። ፎቶው ሽታ የለውም።

በነገራችን ላይ በብዙ ቦዮች አሳ ይረባ ነበር፤ በጾም ቀን ሥጋ ስለማይበላ። «አሳ ጾም ነው አይደለም» የሚለው ክርክር እዚህ አይከፈት፣ እባካችሁ።

«እኛ አገር አልነበረም?»

እንደነሱ አልነበረም። ጎንደር የፋሲል ግቢ 900 ሜትር የሚሆን አጥር አለው እንጂ የውሃ ቦይ የለውም። ውሃ መሃል የቆመው የጥምቀተ ባሕሩ ሕንፃ ነው፤ እሱም ለጦርነት አይደለም። ገንዳው የሚሞላው ለጥምቀት ነው፣ ከቀሃ ወንዝ።

እኛ የመሸሸጊያ ደሴት ነበረን። የአፄ ፋሲል አስከሬን ያለው ጣና ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። ወደ አዲስ አበባ ስንወጣ በምናልፈው ዝዋይ ሐይቅ ላይ ደግሞ ቱሉ ጉዶ አለች። በዮዲት ዘመን ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚያ ሸሹ ይባላል። ነገሥታቱ ለምሽግ የሚመርጡት ግን አምባ ነበር፤ ግሸንና መቅደላን አስቡ። ገደል እያለ ቦይ ማን ይቆፍራል?

«አዞ ይጨምሩበት ነበር ይባላል፣ እውነት ነው?»

አውሮፓ ውስጥ? በዚያ ብርድ አዞ ሳምንት አይቆይም። ቼክ አገር፣ ቼስኪ ክሩምሎቭ በሚባል ግንብ ግን ውሃ በሌለው ቦይ ውስጥ ድብ ያረቡ ነበር።

«ጉማሬስ?» ብሎ የጠየቀው ልጅ ሲስቅ ይታየኛል። የኛ ሐይቅ ጉማሬ ጥበቃ ያውቅበት እንደሆነ የአሞራ ገደል ጀልበኞችን ጠይቅ። እነሱ ማታ ማታ መንገድ ሲለቁለት አይቻለሁ።