የሚያስለቅሰን መጽሐፍ እና የማይለቀን መጽሐፍ

ውድ ጠያቂ፣ የፍቅር ልብ ወለድ ሲያነቡ እንደሚያለቅሱና ሳይጨርሱ እንደማይተኙ፣ ነገር ግን ሳምንት ሳይሞላ የገጸ ባሕርያቱ ስም እንኳ እንደሚጠፋብዎት ጽፈዋል። ሥነ ጽሑፋዊ የሚባለው፣ ማለትም ከሴራው ይልቅ በአጻጻፉና በሰው ውስጣዊ ሕይወት ላይ የሚያተኩረው ልብ ወለድ ደግሞ በንባብ ላይ ሳሉ ይከብድዎታል፣ አንዳንዴም ያናድድዎታል፤ ሆኖም ከአእምሮዎ አልወጣ ይላል። ከዚህ ተነሥተው «እውነተኛው ስሜቴ የትኛው ነው? የፍቅር ልብ ወለድ ማንበቤንስ ልተወው?» ብለው ጠይቀዋል። ሁለቱንም ዓይነት ለረጅም ዓመታት ጎን ለጎን ሳነብ ኖሬአለሁና ከገዛ ንባቤ ያገኘሁትን ልንገርዎት። ሁለቱም ስሜቶችዎ እውነተኞች ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ የሚለያዩት በሚነሡበት ምክንያትና በሚደርሱበት ጊዜ ነው።

የፍቅር ልብ ወለድ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ለአንባቢው ቃል ይገባል። የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ደራስያን ማኅበር ዘውጉን ሲበይን የጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የታሪኩ ማዕከል ፍቅር እንዲሆን፣ መጨረሻውም አንባቢን የሚያረካና ተስፋ ያለው እንዲሆን። ብዙ ሰዎች «መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ምኑ ይነበባል?» እያሉ ይህን እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። እኔ ግን የዘውጉ ትልቁ ኃይል ያለው እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ሁለቱ ሰዎች እንደሚገናኙ አስቀድሜ ስለማውቅ ስጋቴ ይቀልልኛል፤ ስጋቴ ሲቀልልኝም ልቤ በሙሉ ወደ አካሄዱ ያዘነብላል፦ ማን ቀድሞ ይናገራል፣ ማን ይኮራል፣ የትኛው ቁስል ነው ሰውየውን ዝም ያሰኘው? እርስዎም ያለ ስስት የሚያለቅሱት መጽሐፉ በመጨረሻ እንደማይጥልዎት ስለሚያውቁ ይመስለኛል። ይህ እንባ የማታለል ውጤት አይደለም፤ ሰው ስሜቱን ሳይሸሽግ የሚያወጣው ደኅንነት በሚሰማው ቦታ ነውና።

በሳምንቱ መርሳትዎም ከዚሁ የሚመጣ ነው። የተገባው ቃል ሲፈጸም ታሪኩ ይዘጋል፤ አእምሮ ደግሞ የተዘጋ ጉዳይ ተመልሶ የሚያይበት ምክንያት የለውም። ሥነ ጽሑፋዊው ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ሳይዘጋ ይተዋል፤ ሳይዘጋ የቀረው ነገር ምን ያህል ትንሽ ሊሆን እንደሚችል ለማየት የሊዮ ቶልስቶይን «አና ካሬኒና» እንውሰድ። ባለ ትዳሯ አና በባቡር ጉዞዋ ላይ ቭሮንስኪ የተባለ ወጣት መኮንን ስሜቱን ከገለጸላት በኋላ ፒተርስበርግ ስትደርስ፣ ሊቀበላት ጣቢያ የመጣውን ባሏን ታያለች፤ በዚያች ቅጽበት ዓይኗን የሚይዘው የባርኔጣውን ጠርዝ ደግፎ የያዘው የሚመስለው ጆሮው ነው። ጆሮው ለምን እንዲህ ሆነ ብላ ትደነቃለች። ጆሮው ግን ትናንትም ያው ነበር። ደራሲው እዚህ ላይ «ትዳሯ ማለቁ ነው» ብሎ አያስረዳንም፤ ስለ ጆሮ ብቻ ነግሮን ያልፋል። መጀመሪያ ሳነበው ምንም አልተሰማኝም ነበር። ቆይቶ ግን አንድን የማውቀውን ሰው ድንገት በማላውቀው ዓይን ስመለከት ራሴን ያዝሁት፤ ያ ጆሮ ትዝ አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ እንደገና አልተለየኝም። እርስዎ «ከአእምሮዬ አይወጣም» ያሉት ይህን የመሰለውን ከሆነ፣ ስሜቱ በንባቡ ሰዓት ባለመምጣቱ ሊያሳስብዎት አይገባም። ሕይወት ላይ የሚገጥመውን እስኪያገኝ ድረስ የሚዘገይ ስሜት አለ።

ይሁንና ነገሩን «የፍቅር ልብ ወለድ ያስደስታል፣ ይረሳል፤ ሥነ ጽሑፋዊው ያስጨንቃል፣ ይቀራል» ብሎ ለመደምደም የሚቸኩል ሰው ቢኖር አልስማማም። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ተብሎ የሚቆጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ የሚደመደመው በሰርግ ነው። በብዙ አንባቢዎች ዘንድ ከአማርኛ ልብ ወለዶች ሁሉ ይበልጥ የተወደደው፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ በርዕሱ ላይ ጽፎታል። መጽሐፉን ያነሣ ሁሉ መቃብሩን እያወቀ ነው የሚገባው፤ ሆኖም በዛብህ ለሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሲገባ፣ በመካከላቸው ያለው ነገር ቀስ እያለ ሲበስል፣ አንባቢው «ምናልባት» ማለቱን አይተውም። እንግዲህ መጨረሻን አስቀድሞ ማወቅ የፍቅር ልብ ወለድ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ደስታ ወይም ሐዘን ላይ ማለቁም የመጽሐፍን ክብደት አይወስንም።

እንዲያውም ሁለቱን ወገኖች አንድ ላይ የምትይዝ አንዲት መጽሐፍ አለች፤ እ.ኤ.አ. በ1813 የታተመችው የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ»። የዛሬ የፍቅር ልብ ወለዶች ብዙ ነገራቸውን የወረሱት ከእሷ ነው፤ ሥነ ጽሑፍ የሚያስተምሩ ሰዎችም ሳይታክቱ ያስተምሯታል። ዳርሲ የተባለው ኩሩ ሀብታም ለባለ ታሪኳ ለኤልሳቤጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የጋብቻ ጥያቄ አቅርቦ የሚከለከለው ከ61 ምዕራፎች በ34ኛው፣ ማለትም ከመጽሐፉ አጋማሽ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። ከዚያ ደብዳቤ ይሰጣታል። ኤልሳቤጥ ደብዳቤውን በጥላቻ ታነበዋለች፤ ዳግመኛ እንደማታየው ለራሷ ምላ ታጥፈዋለች፤ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ እንደገና ትከፍተዋለች፤ አሁን ግን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እየመዘነች ነው። ያቺ ምዕራፍ ስለ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ስለ ማንበብም የተጻፈች ትመስለኛለች። ሰውየው የተናገረው አልተለወጠም፤ የተለወጠችው አንባቢዋ ናት። እዚያ ላይ የሚሰማኝ ደስታ ሁለቱ እንደሚጋቡ ከማወቄ አይመጣም፤ አንዲት ብልህ ሴት በገዛ ፍርዷ ላይ ስትፈርድ ከማየቴ ነው።

ከእርስዎ ጥያቄ ጋር የሚቀራረብ አንድ ልማድ አለኝ። መጽሐፍ ስጨርስ የተሰማኝን ወዲያው በማስታወሻ ደብተር እጽፋለሁ፤ ወራት ካለፉ በኋላ ደግሞ ደብተሩን ሳላይ ስለዚያው መጽሐፍ የቀረኝን እጽፍና አስተያያቸዋለሁ። በፍቅር ልብ ወለድ ላይ የመጀመሪያው ማስታወሻዬ በአብዛኛው ረጅምና የጋለ ሲሆን ሁለተኛው አጭር ነው። ሆኖም ያ አጭር ማስታወሻ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ አንድ ገጸ ባሕርይ ይቅርታ የጠየቀበት መንገድ፣ ወይም ለመወደድ የማትፈቅድ ሴት በመጨረሻ እሺ ያለችበት ሁኔታ። የሰዎቹ ስም ጠፍቶ ይቅርታው ቀርቷል ማለት ነው። እርስዎም ስሞቹን ረሱ እንጂ ሁሉን አልረሱ ይሆናልና እስቲ በዚህ መንገድ ይፈትሹት።

ስለሚያናድደኝም በግልጽ ልናገር። በፍቅር ልብ ወለድ ውስጥ ትዕግሥቴን የሚያስጨርሰኝ ሁለቱ ሰዎች ለአምስት ደቂቃ ቢነጋገሩ በሚፈታ አለመግባባት ላይ ግማሹን መጽሐፍ የሚያቆም ሴራ ነው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ የሴትን ስልክ የሚበረብር፣ የምትሄድበትን የሚወስን፣ ቁጣውን የሚያወርድባት ወንድ «ስለሚወዳት ነው» ተብሎ ሲቀርብ ነው። በዚህ ጊዜ ልቤ እየተሳበ ሕሊናዬ እንቢ ይላል፤ ሕሊናዬን ነው የምሰማው። በሥነ ጽሑፋዊው በኩል ደግሞ ሐዘንን የቁም ነገር ማረጋገጫ የሚያደርጉ ደራስያን አሉ፤ ገጸ ባሕርይን በመከራ ላይ መከራ የሚደራርቡበት አንባቢው «ከባድ መጽሐፍ ነው» እንዲል ብቻ ይመስላል። እንደ እኔ ከሆነ ያልታሰበበት መከራ ካልታሰበበት ደስታ አይበልጥም።

«ሥነ ጽሑፋዊ ልብ ወለድ የሰውን ስሜት መረዳት ያስተምራል፣ የፍቅሩ ግን ጊዜ ማሳለፊያ ነው» የሚል ሰው ገጥሞዎት ይሆናል። ይህ አባባል የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2013 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ከወጣ አንድ ጥናት ወዲህ ነው፤ ጥናቱ ሥነ ጽሑፋዊ ልብ ወለድ ለአጭር ጊዜ ማንበብ የሌሎችን ስሜት የመለየት ችሎታን ከፍ እንደሚያደርግ ገልጾ ነበር። በ2016 ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ግን ውጤቱን አላገኙትም። በዚያው በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከሰው ስሜት ንቁነት ጋር ይበልጥ ተያይዞ ያገኘው የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢነትን ነበር፤ እርግጥ መያያዝ ብቻውን የትኛው የትኛውን እንዳስከተለ አይነግረንም። ስለዚህ በሳይንስ ስም የፍቅር መጽሐፍዎን የሚነጥቅዎት ሰው ቢመጣ አይስጡት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ የፍቅር ልብ ወለድ ማንበብዎን አይተዉ እላለሁ። ነገር ግን ያስለቀሰዎትን ትዕይንት በማግስቱ ተመልሰው፣ ያንን ገጽ ብቻ፣ ቀስ ብለው ያንብቡት። ያስለቀሰዎት ያቺ የተለየች ሴት በዚያች የተለየች ሰዓት ያለችው ነገር ከሆነ መጽሐፉ ከሚታሰበው በላይ የተሠራ ነውና ከደራሲው ሌላ ሥራም ይፈልጉ። ማንም ሰው በማንም መጽሐፍ ቢሰናበት የሚያስለቅስ ስንብት ከሆነ ደግሞ እንባው ከራስዎ ሕይወት የመጣ ነው፤ ይህም ቢሆን ሊያውቁት የሚገባ ነገር ነው።

የሚያናድድዎትን ሥነ ጽሑፋዊ ልብ ወለድ በተመለከተ፣ ንዴቱ የጀመረበትን ገጽ ምልክት ያድርጉበትና ማን እንዳናደደዎት ራስዎን ይጠይቁ። ገጸ ባሕርይዋ በምታደርገው ነገር ከሆነ ይቀጥሉ፤ የምታናድድ ሰው በደንብ ተስላለች ማለት ነውና፣ ብዙ ጊዜ መጽሐፉ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ደራሲው ዓረፍተ ነገሩን ለራሱ ማሳያ እያደረገ ሰዎቹን ረስቷቸው ከሆነ ግን፣ ማንም ምን ያህል ቢያመሰግነውም፣ መጽሐፉን ዘግተው ሌላ ያንሡ።