«ቆርቆሮውን ማን ጠየቀሽ?»

ባለፈው እሁድ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ቡና ሲቀዳ አንዲት ልጅ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። ኤልፒኤን ሆና መሥራት ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከአርኤን፣ ከሙሉ ነርሷ፣ በታች የሆነች ባለፈቃድ ነርስ ማለት ነው። «እትዬ፣ ለአርኤን ትምህርት መቼ ልመለስ? ትንሽ ብር ልያዝ ወይስ አሁኑኑ ልግባ?» አለችኝ። እዚያው ልመልስላት አልቻልኩም። «እደውልልሻለሁ» ብዬ ቁጥሯን ያዝኩ። ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለ 2006 ሳስብ ነጋ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው።

ልጄ፣ ለአንቺ ብዬ ብጀምረውም ጥያቄሽ የብዙዎች ነውና ለሁላችሁም ልጻፈው።

እኔ በዲቪ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት)፣ ቀጥሎ ኤልፒኤን ሆንኩ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ማታ ማታ እሠራ ነበር። ሠላሳ አዛውንት፣ አንድ የመድኃኒት ጋሪ፣ እኔ። ከነሱ መሀል ዕድሜያቸውን በሙሉ ባቡር ላይ የሠሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ገና በሩ ላይ ስደርስ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁኛል። ክኒናቸውን ውጠው ሲጨርሱ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ትምህርት መቼ ነው የምትጀምሪው?» ማመልከቻውን የሞላሁት እሳቸው ስለጨቀጨቁኝ ነው። ስገባ ግን አላዩም፤ ያን ክረምት ሞቱ።

በ2006 ኤልፒኤኖችን ተቀብሎ አርኤን የሚያደርገው ብሪጅ ፕሮግራም ውስጥ ገባሁ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በዚያው ሰሞን እናቴ ኮተቤ ቤት እያሠራች ነበር። ወንድሜ ደወለና «ብሎኬቱ አልቋል፣ ቆርቆሮ ብቻ ነው የቀረው» አለኝ። እኔም «እልካለሁ» አልኩ። ትምህርት መጀመሬን ለአንዳቸውም አልነገርኩም። ስመረቅ ላስደስታቸው ብዬ ነው።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ክላስና ክሊኒካል (በሽተኞች ላይ የሚደረግ ልምምድ)። ሐሙስ ማታ ሥራ። ቅዳሜና እሁድ ደብል፣ በቀን 16 ሰዓት። ቤት ውስጥ ደግሞ የሁለት ዓመት ልጅ አለችኝ። ይህን ወረቀት ላይ ጽፌ ደምሬው ቢሆን ኖሮ የማይሆን ነገር መሆኑን ልጅም ይነግረኝ ነበር። አልደመርኩትም።

አንድ ሰኞ ጠዋት ከሥራ የወጣሁት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ፈተናው ሦስት ሰዓት ነበር። መኪናዬ ውስጥ ትንሽ አሸለብኩና ገባሁ። ስለ ልብ ድካም የሚጠይቅ አንድ ጥያቄ ነበር። አራት ጊዜ አነበብኩት። ቃላቱን አውቃቸዋለሁ፤ በየሌሊቱ የማየው በሽታ ነው። ግን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስደርስ መጀመሪያውን እረሳዋለሁ።

በሴሚስተሩ አጋማሽ አማካይ ውጤቴ 71 ሆነ። ማለፊያው 77 ነው። መምህሯ ቢሮዋ ጠራችኝ። «ኮርሱን የማቋረጫው የመጨረሻ ቀን አርብ ነው። አሁን ብታቋርጪ በሚቀጥለው ዓመት ኤፍ ሳይመዘገብብሽ ትመለሻለሽ» አለችኝ። እኔ «አንቺ አትችዪም» ያለችኝ መሰለኝ። አመስግኜ ወጣሁ፤ አርብም አለፈ። በታኅሣሥ 75.6 አመጣሁ። ኤፍ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን እስከ ዛሬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ጥር ላይ ትምህርት ሲከፈት ዩኒፎርሜን ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ ከቤት ወጣሁ። አንድ ትልቅ ሱቅ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬን አቁሜ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጥኩ። ሂተሩን አበራለሁ፣ አጠፋለሁ። እንዲህ ሆኜ ሦስት ሳምንት ቆየሁ። አንድ ቀን ልጃችን ትኩሳት ያዛትና ባለቤቴ ሊወስደኝ ትምህርት ቤት ሄደ። ስልኬ ተዘግቷል። ግቢውን ሁለት ጊዜ ቢዞር መኪናዬ የለም። ማታ ስገባ ምንም አልተናገረኝም። እራት አቀረበልኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የተመለስኩት በ2013 ነው። ያኔ አናቶሚውም ማይክሮባዮሎጂውም ዕድሜያቸው አልፏል፤ ትምህርት ቤቱ ከአምስት ዓመት በላይ የሆነ የሳይንስ ኮርስ አይቀበልም። እንደ አዲስ ወሰድኳቸው። በ2015 ስመረቅ እናቴ መጥታ ነበር። ሁሉን ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ቆርቆሮውን ማን ጠየቀሽ? ሁለት ዓመት ኪራይ ቤት መቀመጥ ያቅተኝ ነበር?» አለችኝ። ያን ያህል ዓመት የፈጀብኝን ነገር አንድ ስልክ ይፈታው ነበር።

ስለዚህ «መቼ» ስትሉኝ እኔ ሰዓቱን ነው የማየው፤ ገንዘቡ ሁለተኛ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ የሚባለውን የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሞልቶ ገቢው ከፈቀደ ፔል ግራንት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ ማግኘት ይችላል። ሰዓት ግን የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም። ከመመዝገባችሁ በፊት ሺፍት ቀንሱ። ቀንሳችሁም ሦስት ወር ኑሩበት። ኪራዩ ከተከፈለ ጊዜው ደርሷል። አገር ቤት የምትልኩላቸውን ደግሞ በግልጽ ንገሯቸው።

ይህን ስል ጠብቁ ማለቴ ነው? አዎ። ግን ደግሞ አትጠብቁ፤ ኮርሶቹ ይቃጠላሉ፣ የሰውም ጉልበት ያልቃል። ሁለቱም እውነት ነው፣ ላስታርቀው አልችልም። ሳይንሱን ወስዳችሁ ከሆነ ቀኑን ቁጠሩ። ካልወሰዳችሁ አንድ በአንድ፣ እየሠራችሁ ጀምሩ። እሱ አይገድልም።

በኤልፒኤንና በአርኤን መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም። በ2024 የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ባወጣው መሠረት የኤልፒኤን መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 62,340 ዶላር ሲሆን የአርኤን 93,600 ነው። ለኔ ግን ከገንዘቡ የበለጠብኝ ሌላ ነው። አንድ በሽተኛ ፊቱ ሲለወጥ አያለሁ፤ የምርመራው ውሳኔ ግን የኔ አልነበረም። አርኤን እስኪመጣ ኮሪደር ላይ ቆሞ መጠበቅ ያንገበግባል። ይህ የማያንገበግበው ሰው አለ። ጓደኛዬ 25 ዓመት ኤልፒኤን ሆና ሠርታለች፤ አዛውንቶቿን ትወዳለች፣ ቤተሰቧን አሳድጋለች። እሷን ማንም «ተማሪ» ብሎ ሊጨቀጭቃት አይገባም።

ዛሬ ያላችሁት ልጆች ከኛ ትሻላላችሁ፤ ትጠይቃላችሁ። እኛ መጠየቅ ውርደት ይመስለን ነበር። የሚያስፈራኝ መቸኮላችሁ ነው። ቲክቶክ ላይ አንዱ በአጭር ጊዜ ጨረስኩ ሲል ልባችሁ ይሸፍታል። በጥር 2023 ፍሎሪዳ ውስጥ ከሦስት የነርስ ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማዎች መሸጣቸው ይፋ ሆነ። ከገዢዎቹ መካከል ዓመታት የሠሩ ኤልፒኤኖች ነበሩበት። ዜናውን ሳነብ ተንቀጠቀጥኩ። ያ ፓርኪንግ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሰው መስኮቴን አንኳኩቶ ዲፕሎማ ልሽጥልሽ ቢለኝ ምን እመልስለት እንደነበር አላውቅም። ትምህርት ቤቱን የነርስ ፈቃድ በሚሰጠው የግዛታችሁ ቦርድ ኦፍ ነርሲንግ ዝርዝር ላይ ሳታዩት ሳንቲም አትክፈሉ።

ልጄ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እደውልልሻለሁ። የዚህን ወር ሺፍትሽን በሙሉ ጻፊው። ከሥሩም በየወሩ ለነማን ስንት እንደምትልኪ አስፍሪ። ከሺፍቱ የቱን እንደምትተዪ፣ ለእናትሽ ምን ብለሽ እንደምትነግሪያት አብረን እናያለን።