ዲቴክተሩ ላይ የሚታየው ደማቅ ቀለበት ከፕሮቲኑ አይደለም

የፕሮቲን ክሪስታሎችን በኤክስሬይ ጨረር ፊት ስትረጭ ዲቴክተሩ (የተበተነውን ጨረር የሚመዘግበው መሣሪያ) ላይ ደማቅ ቀለበት ካየህ ክሪስታሎችህ አልተበላሹም፤ አትጣላቸው። ቫኪዩም ውስጥ ስትረጭ ያየኸው ደማቅ ቀለበት የሚመጣው ፕሮቲኑን ከያዘው ሊፒድ (የቅባት ዓይነት)፣ ከሞኖኦሌን ነው። ውሃው ሲተን ጄቱ፣ ማለትም ከመርጫው የሚወጣው ቀጭን ጅረት፣ ይቀዘቅዛል። ያኔ ሞኖኦሌኑ ኪዩቢክ ቅርጹን (ከውሃ ጋር በሥርዓት ተያይዞ ጄል የሚመስልበትን ሁኔታ) ትቶ ራሱ ክሪስታል ይሆናል።

መፍትሄው 7.9 ማግ የሚባለው ሊፒድ ነው፤ ሰንሰለቱ አጠር ስለሚል ቅዝቃዜውን ይችላል።

1. ክሪስታሎቹን ስትሰበስብ ዙሪያቸው ያለውን ፈሳሽ ስሪንጁን ቀስ ብለህ እየገፋህ አስወጣ።
2. የቀረውን ፈሳሽ እንዲመጥልህ 7.9 ማግ በጥቂት በጥቂቱ ጨምር። በሁለት ስሪንጆች መሃል ወዲያና ወዲህ አመላልሰው። መጀመሪያ ወተት ይመስላል፤ ጥርት ሲል ደርሷል ማለት ነው።
3. ጠብታ ወስደህ በማይክሮስኮፕ እይ። ክሪስታሎቹ እዚያው መኖር አለባቸው።

ሙከራውን የምታደርግበት የኤክስሬይ ጣቢያ ከቫኪዩም ይልቅ ሂሊየም ውስጥ እንድትረጭ ከፈቀደልህ ግን እሱን ምረጥ። ትነቱ ስለሚቀንስ ብዙ ጣጣ ይቀርልሃል።

አንድ ነገር አደራ። ቀለበቱ በመሃል ብቅ ካለ «ምናልባት ይጠፋል» ብለህ አትጠብቅ። እኛ ጠብቀን ነበር። ሊፒዱ የሚበትነው ጨረር በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ዲቴክተሩን ሊጎዳ ይችላል። ወዲያው ጨረሩን አስቁምና ናሙናውን ቀይር። ናሙና ባከነ ብለህ አትዘን፤ በዚህ ዘዴ ከ1 ሚሊግራም ባነሰ ፕሮቲን ሙሉ መዋቅር የተገኘባቸው ጊዜያት አሉ።