ከሐረር ለገና ምን ይዤ ልሂድ ላልሽው እህት

ጥያቄሽን ትናንት ማታ አየሁት። ለቁልቢ ገብርኤል ድሬ ትመጫለሽ፣ አንድ ቀን ሐረርን ታያለሽ፣ ከዚያ ለገና አዲስ አበባ ትመለሻለሽ። ለአማትሽ፣ ከውጭ ለሚመጣው የባልሽ ወንድም፣ ለቢሮ ሰዎችና ለሁለት ሕፃናት «እዚያው የተሠራ» ነገር ፈልገሻል። «ከመሶብ ሌላ ምን አለ?» ብለሻል። ብዙ ሰው «ሃልዋ!» ብሎሽ አልፏል። እኔ ትንሽ ላስረዝመው ነው። ተወልጄ ያደግኩት ሐረር ነው፣ አሁን የምኖረው ድሬ። ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር የአዲስ አበባ ዘመድ ሁሉ ገበያ የሚልከው እኔን ነው። በዚህ ጉዳይ ያልተሳሳትኩት ስህተት የለም።

«ከመሶብ ሌላ» የምትለዋን ለጊዜው ተያት። የምጀምረው ከስፌት ነው። ትልቁን መሶብ ግን አትግዢ። እሱን ይዞ መጓዝ ልጅ ይዞ እንደመጓዝ ነው። ከደረሰ በኋላም ኮንዶሚኒየም ውስጥ የት ይቀመጣል? ቁም ሳጥን ላይ ወጥቶ አቧራ ይጠጣል። ሙዳይ ግዢ። ክዳን ያላት፣ በሁለት እጅ የምትያዝ። ጌጥ ይገባባታል፣ ቡና ይገባባታል፣ የመድኃኒት ወረቀት ሳይቀር ይገባባታል። ወይም ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጠፍጣፋ ስፌት ግዢ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርሽ። አዲስ አበባ ስፌት ግድግዳ ላይ ሲሰቀል «ሳይጠቀሙበት ጌጥ አደረጉት» ይባላል። ሐረሪ ቤት ግን የስፌት ቦታው ግድግዳው ነው። ነደባው ላይ፣ ማለትም ከፍ ብሎ በተሠራው መቀመጫ ላይ ቁጭ ብለሽ ቀና ስትዪ ግድግዳው በስፌት ተሞልቶ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ የምትሰጪው ሰው ቢሰቅለው ደስ ይበልሽ።

አማትሽ ጋ ልምጣ። ሐረሪዎች ለአማት የሚሆን የራሱ ስፌት አላቸው፣ ከሠርግ ጋር የሚሄድ። ስሙ «ሐማት ሞት» ይባላል። «ሐማት» አማት ነው፣ «ሞት» ደግሞ በእነሱ ቋንቋ ስፌት። አሁን የኔን ጉድ ስሚ። ከተጋባን በሦስተኛው ወር ለገና አዲስ አበባ ሄድን። ቤቱ በዘመድ ተሞልቷል። ስፌቱን በሁለት እጄ አቀረብኩና በኩራት «እማዬ፣ ይሄ የአማት ሞት ይባላል» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንዲት አክስት አማተቡ። ባሌ እግሬን ረገጠኝ። ላስረዳ ብዬ ደግሞ «አይ፣ ላንቺ ብዬ እኮ ነው ያመጣሁት» አልኩ። «ላንቺ»! እኛ የሐረርና የድሬ ልጆች «እርስዎ» ማለት እንደማይሆንልን ታውቂያለሽ። አማቴ ሳቂታ ሴት ባይሆኑ ትዳሬ እዚያው ነበር የሚያበቃው። እስከ ዛሬ ያንን ስፌት «ሞቴ» ነው የሚሉት። «እስቲ ሞቴን አቀብይኝ» ሲሉ የማያውቅ እንግዳ ይደነግጣል። ስጦታውን ስጪ፣ ስሙን ግን ቀስ ብለሽ አስረጂ።

አገዛዙን ደግሞ ልንገርሽ፤ ገንዘብ የሚበላው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ስፌት ከስንደዶና ከአክርማ ሣር ነው፣ ቀለሙም ከአለላ፣ ማለትም ከተነከረ ሣር። አሁን አሁን ግን የፋብሪካ ክር የተጠቀለለበት በዝቷል። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ ቀለሙም ይጮኻል። ሲነኩት ግን ልስልስ ይላል። ሣር ጠንከር ብሎ ያንሸራትታል እንጂ እንደ ሹራብ አይለሰልስም። ረድፎቹን በአውራ ጣትሽ ተጫኛቸው። የሚላቀቁ ከሆነ ወስፌዋ ቸኩላለች ማለት ነው። ክዳኑን ግጠሚና መሬት ላይ አስቀምጪው፣ የሚያነክስ ከሆነ ተይው። ከሁሉም በላይ እርጥብ ነጭ ሶፍት ይዘሽ ቀዩ ላይ አሸት አድርጊ። እኔ ይህን ያወቅኩት አንድ ዓመት በርካሽ የገዛሁት ሰፌድ የእህቴን አዲስ ነጠላ ቀይ ካደረገባት በኋላ ነው። ሻጩ ስጠይቀው «ቀለሙ ትኩስ ስለሆነ ነው» አለኝ። ትኩስ ቀለም!

ዓይንሽ እንዲለምድ ከመግዛትሽ በፊት የሸሪፍ ሙዚየም ግቢ። ጀጎል ውስጥ፣ ማለትም በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ፣ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ነው ያለው። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ለዓመታት የሰበሰቡት ዕቃ ነው። የድሮዎቹን ስፌቶች ግማሽ ሰዓት ካየሽ በኋላ ገበያ ላይ ያለውን ራስሽ ትለይዋለሽ። እዚያው የድሮ ጌጣ ጌጦችና በእጅ የተጻፉ መጻሕፍትም አሉ። ሐረር በመጽሐፍ ድጎሳም የታወቀች ከተማ ነበረች። እግረ መንገዴን፣ የባልሽ ወንድም ከውጭ ነው የሚመጣው ብለሻል። ማንም መንገድ ላይ «አሮጌ መጽሐፍ አለኝ» ብሎ ቢጠጋሽ እለፊው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ከተማ ነው፣ ጥበቃውም ጠንከር ያለ ነው። ቦሌ ላይ ሻንጣው ተከፍቶ የሚያፍረው እሱ ነው።

ዋጋ ተከራከሪ፣ ግን አታድርቂያቸው። አንዲት ሙዳይ ሳምንታት ትፈጃለች። ሰፊዋ ቤት ሠርታ፣ ልጅ አብልታ፣ በተረፋት ሰዓት ነው የምትሰፋው። ከቻልሽ ከሱቅ ይልቅ ከሰፊዋ እጅ ግዢ። ጀጎል ውስጥ ለጎብኚ ክፍት የሆኑ የሐረሪ ቤቶች አሉ፣ ብዙዎቹ ስፌት ይሸጣሉ። ማን እንደሰፋችው ጠይቂና ስሟን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሙዳዩ ውስጥ ክተቺ። አማቴ ከስፌቱ እኩል የወደዱት ያንን ወረቀት ነው። ሻጯ «አንቺ» ብትልሽ አትቀየሚ። ከላይ እንደነገርኩሽ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። «እዚያው የተሠራ» ካልሽ ሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ በሚያምሩት ባለቀለም የቆርቆሮ ሳህኖች አትታለዪ። ከስፌቱ ጎን ስለሚሰቀሉ የሐረር ሥራ ይመስላሉ፣ ግን ከውጭ የመጡ ናቸው። ድሬ የሚሸጡት ሻሾችም እንደዚያው። ውብ ናቸው፣ እኔም እለብሳለሁ፣ የተሠሩት ግን እዚህ አይደለም።

ቡና። ይሄን ማንም ይነግርሻል፣ ግን ዝርዝሩን አይነግርሽም። የሐረር ቡና ጀንፈል ነው። ሳይታጠብ ከነቅርፊቱ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ያ ፍሬ ፍሬ የሚል ጣዕሙም የሚመጣው ከዚያ ነው። ፍሬው ረዘም ይላል፣ መጠኑ አንድ ወጥ አይደለም፣ ወደ ቢጫ ያደላል። አንድ ዓይነት የሆነ፣ ጥርት ያለ አረንጓዴ ፍሬ «የሐረር ነው» ቢሉሽ ተጠራጠሪ። እኔ አንድ ጊዜ ስቸኩል የተቀላቀለ ቡና አምስት ኪሎ ገዝቼ አጎቴ ቀምሰው «ይሄ የሐረርን መንገድ እንኳ አላየም» ብለውኛል። ለአማትሽ ጥሬውን ውሰጂላቸው። ራሳቸው ቆልተው ጭሱን ለጎረቤት ካላዳረሱ ቡና የሰጠሻቸው አይመስላቸውም። ለቢሮ ሰዎችና ለባልሽ ወንድም የተቆላውን። ጀጎል ውስጥ የሚቆሉና የሚያሽጉ አሉ፣ ቤቱን ሽታው ራሱ ያሳይሻል። ባይፈጭ ይሻላል፣ የተፈጨ ቡና ሽታው ቶሎ ይሄዳል። ከዚያው ጋር የቡና ገለባም ጠይቂ፣ የዚህ አገር ሰው በወተት ያፈላዋል። ዋጋው ቀላል ነው፣ ለቢሮም ወሬ ይሆናል።

ሃልዋን አልቃወምም። ግን ትኩሱን ገዝተሽ በፌስታል ቋጥረሽ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቺው። ቅባቱ ይወጣል። እኔ በአውቶብስ ስሄድ ሻንጣዬን ስከፍት የገና ቀሚሴ ሄል ሄል ይሸት ነበር። ቀዝቅዞ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ከዚያ ካርቶን ውስጥ ይግባ። አንዳንዱ በዘይት ሌላው በቅቤ ይሠራል። ከገና በፊት ቢሮ የምታካፍዪ ከሆነ ጾም ስለሆነ ጠይቀሽ ግዢ። ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ ደግሞ በማግስቱ ይለሰልሳል፣ እሱን መንገድ ላይ ብዪው። ለውዝ ከባቢሌ ነው የሚመጣው፣ ከሐረር ሩቅ አይደለም። ለቢሮ ሰዎች አንዳንድ ጭብጥ ለውዝ ከቡናው ጋር በቂ ነው። ጫት የሚልሽም አይጠፋም፣ ለአማት ግን እንጃ።

ለልጆቹ መኪና ግርግር ሂጂ። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ግድር መጋላ ገበያ የሚወርደው፣ ልብስ ሰፊዎች ግራና ቀኝ የተደረደሩበት መንገድ ነው። ስሙ የመጣው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው፣ ስትደርሺ ገና በጆሮሽ ትለይዋለሽ። የልጆቹን ልክ ይዘሽ ነይ። ጨርቅ እዚያው ትመርጫለሽ፣ ጠዋት ሰጥተሽ ከሰዓት ትወስጃለሽ። ጨርቁ የውጭ ቢሆንም እጁ የሐረር ነው። ልክ ካልያዝሽ ሰፋ አድርገሽ አሰፊ። ልጅ ያድጋል እንጂ አያንስም።

ብር ጌጥ ላይ አልረዝምም። የሐረር ብር ሥራ ዝነኛ ነው፣ ድሪውም አምባሩም ያምራል። ግን የሚያውቅ ሰው ይዘሽ ካልሄድሽ አትሞክሪው። እኔ «ከማርትሬዛ»፣ ከድሮው የብር ገንዘብ፣ «የተሠራ» ተብሎ የገዛሁት አምባር በሁለት ሳምንት ክንዴን አረንጓዴ አደረገው።

አሁን ማንም ያላነሳው። የባልሽን ወንድም ነው ያሰብኩት። ድሬ «ከፊራ» የሚባለው ገበያ ግቢና ዕጣንና ከርቤ ግዢለት። ከሱማሌ ክልል ነው የሚመጣው። ሴቶቹ መሬት ላይ ዘርግተው ይሸጡታል። ፍንጥር ፍንጥር ያለውን፣ አሸዋና ልጣጭ የሌለበትን ምረጪ። የሱማሌ ሴቶች በስኳርና በሽቶ የሚያዘጋጁት ኡንሲም አለ፣ ቤት ሲታጠንበት ለቀናት ይቆያል። አስቢው እስቲ፣ የገና ስጦታ ሲባል ሰብአ ሰገል ይዘው የሄዱት ምን ነበር? ወርቅ፣ ዕጣን፣ ከርቤ። ሁለቱ ከፊራ ላይ በብዙ ብር አይገዙም። ወርቁን ባልሽ ይግዛ። ዘንድሮ እኔም ለወንድሜ ይህንን ነው የምልከው። ዕጣኑን አንዲት ትንሽ ሙዳይ ውስጥ፣ ከርቤውን በጨርቅ ቋጥሬ።

የቀኑ ነገር። ቁልቢ ታኅሣሥ 19 ነው፣ ገና ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው። በ18 እና በ19 ሐረር እሄዳለሁ ብለሽ እንዳታስቢ፣ መንገዱ መኪና ብቻ ነው። ወይ በ17 ውጪ፣ ወይ ከ20 በኋላ። እኔ 17ን እመርጣለሁ፣ ሕዝቡ ጥሩ ጥሩውን ከማንሳቱ በፊት። ከድሬ በጠዋት ሚኒባስ ያዢ፣ ዳገቱን በዴንገጎ ወጥተሽ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሐረር ከድሬ ይበርዳል፣ ነጠላ ያዢ። ግብይትሽን ከምሳ በፊት ጨርሺ። ከሰዓት በኋላ በርጫ፣ የጫት ሰዓት ነው፣ ባለሱቁ ቢኖርም ልቡ የለም። ያን ጊዜ ዋጋ ስትከራከሪው «አቦ ተይኝ» ይልሻል፣ ከአንጀቱ ነው። ዓርብ ከሆነ ደግሞ የጁምዓ ሰዓትን አስቢበት።

ስፌቱን ሻንጣ ውስጥ አትጫኚው፣ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ትንሿን ትልቋ ውስጥ፣ ልብስ በመሃል ጠቅጥቀሽ፣ እጅሽ ላይ ያዢው። እርጥብ ነገር አጠገቡ አይሁን፣ ሣር ነውና ይሻግታል። መንገድ ላይ ኬላ አለ፣ ሻንጣ ይከፈታል። አንድ ዓይነት አዲስ ልብስ የከመርሽ እንደሆነ ጥያቄ ይበዛብሻል፣ በስፌት ግን ማንም አያስቆምሽም። እኔን አንዱ ፈታሽ «ስንት ገዛሽው?» ብሎ ብቻ ነው የጠየቀኝ፣ ለሚስቱ አስቦ።

ደግሞ ለአማትሽ ሙዳዩን ባዶውን እንዳትሰጪ። ዕቃ ባዶውን አይሰጥም። ጥሬ ቡናውን እዚያው ክተችበት፣ የሰፊዋን ስም ከላይ።